የመምህር ዑቅባይ ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር

ምስግና የሞት ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሲጨርስ ያደረገው ነገር ማልቀስ ሳይሆን መነጽሩን በጃኬቱ ጫፍ ወልውሎ ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ ነበር። ወረቀቱ ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ሙጫው ገና አልደረቀም። ከላይ ጥቁር መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር ክራባት ያሰረው የመምህር ዑቅባይ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ሥር ደግሞ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ፦ «ለሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ የለተብርሃን ባለቤት፣ የሰናይት አባት፣ ከአስመራ ወደ ነፋሲት የሚወስደውን ቁልቁለት በብስክሌት በሰዓት ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር የወረደ ብቸኛው ሰው፣ መምህር ዑቅባይ በተወለደ በሰባ ሦስት ዓመቱ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ዛሬ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል።» ጓደኛው መሞቱን ምስግና ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰምቷል፤ ልቅሶውንም በወጉ አልቅሷል። የዘጠና አራቱን ነገር ግን ገና አሁን መስማቱ ነው። ዘጠና አራቱ የሱ ነው።

በዚህ ከተማ ቤት የሌለው ሰው ሞልቷል፤ ቁጥር የሌለው ሰው ግን የለም። ሥጋ ሻጩ ከነፋሲት አስመራ ሽቅቡን በአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ የወጣ ነው፤ ይህን ሳይሰማ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዝቶ የወጣ ደንበኛ የለም። ፀጉር አስተካካዩ በአንድ የፋሲካ ውድድር አራተኛ የወጣ ነው፤ ሦስተኛው ቢወድቅ ኖሮ ሦስተኛ ይሆን እንደነበር ምላጩን አንገትህ ላይ አሳርፎ ያስረዳሃል። ምስግና ደግሞ ዘጠና አራት ነው። ሰባ አንድ ዓመት ኖሮ ያፈራው ሀብት ቢቆጠር አንድ ጠባብ የብስክሌት መጠገኛ፣ ሁለት የኪራይ ክፍል፣ የማይተኛ የወገብ ሕመምና ይህ ቁጥር ነው። ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከዓርበሮቡዕ መንደር በታች ጉሙ ተገፎ መንገዱ ቀጥ በሚልበት ቦታ፣ አገጩን ከመሪው አስጠግቶ፣ ክርኑን ሰብስቦ፣ ፔዳል መምታቱን ትቶ እንደ ድንጋይ ሲወርድ፣ ዑቅባይ በትንሿ ነጭ መኪናው ከኋላ ተከትሎ የፍጥነት መለኪያዋን መርፌ አየለት። ነፋሲት ሲደርሱ «ዘጠና አራት» አለው። ሌላ ምስክር አልነበረም፤ አላስፈለገምም፣ የሒሳብ መምህር ነዋ። ከዚያ ወዲህ ባር ውስጥ የሚከራከር ሲነሳ ምስግና «መምህርን ጠይቁ» ይላል፤ ዑቅባይም ከማኪያቶው ላይ አንድ ጣቱን አንስቶ «ዘጠና አራት፤ ያውም መርፌዋ ወደ ዘጠና አምስት እያየች» ይላል። ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ዛሬ ጣት የሚያነሳ የለም። ምስግና ባሩ ውስጥ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ገብቷል። የባሩ ባለቤት ፍጹም የሰፈሩ የብስክሌት ማኅበር ሊቀመንበርም ነው፤ ስለዚህ ማኪያቶ የሚቀዳውም ፍርድ የሚሰጠውም በአንድ ባንኮኒ ላይ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሌላውን በክርኑ ጎሰም አደረገው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ግን ሰው የሌላ ሰው ኮት ለብሶ ሲመጣ የሚታየውን አተያይ ምስግና በጀርባው ሁሉ ተሰማው።

«አያ ምስግና፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ ፍጹም ስኒውን እያስጠጋ። «ለካስ መምህር ትሑት ሰው ነበር።»

«ትሑት ማለት?»

«እርስዎ የሱን ቁጥር ለአርባ ሦስት ዓመት ሲያወሩ ዝም ብሎ መስማቱ ነዋ! ጭራሽ ይመሰክርልዎት ነበር እኮ። እንዲህ ያለ ጓደኛ አሁን ከየት ይገኛል?»

ምስግናን ማኪያቶው ትን አለው። ፍጹም ጀርባውን መታ መታ እያደረገለት ማኅበሩ ቁጥሩን ከቤተሰቡ ሰምቶ ትናንት ማታ ተሰብስቦ ውሳኔ ማሳለፉን ነገረው። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ በየዓመቱ እስከ ነፋሲት የቁልቁለት ውድድር ይኖራል፤ ስሙም «የመምህር ዑቅባይ ዘጠና አራት ዋንጫ» ነው። ዋንጫው ላይ ቁጥሩ ይቀረጻል። ዛሬ የሟቹ የሕይወት ታሪክ በመቃብሩ ላይ ተነቦ ሲያበቃ ለሕዝብ ይነገራል። እንግዲህ ወረቀት በዝናብ ይረጥባል፣ ብረት ላይ የተቀረጸውን ግን ማን ይፍቀው? ምስግና ሒሳቡን እንኳ ሳይከፍል ወጥቶ ወደ ሟቹ ቤት ገሰገሰ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መናገር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ቢናገር የሚሰማው የለም።

የዑቅባይ ቤት ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር ዳገቱ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ አግዳሚዎች ከጎረቤት ተሰብስበዋል፣ ትንሿ ነጭ መኪና ከበሩ ፊት ለፊት እንደወትሮዋ ወደ ታች ዞራ ቆማለች። ሳሎኑ ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ብቻ ቀርቶበታል። ግድግዳው ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ የዑቅባይ ብስክሌት፣ ከሁለት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ፣ ጥቁር ጥብጣብ በመሪው ላይ ታስሮለት። ምስግና የሙያ ነገር ሆኖበት ጎማዎቹን አየ። የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ትንሽ እንኳ አልተበሉም፤ ፔዳሉ ላይ ያለው ጎማ ፋብሪካው የጻፈበትን ፊደል ሳይቀር እንደያዘ ነው። እዚያው ቆሞ ደሙ ፈላ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሆዱ ባባ፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ ከሱና ከሟቹ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ብስክሌት እየጮኸ ሲናገር ሰማ። ዑቅባይ ብስክሌት መንዳት አይችልም ነበር።

ይህን ነገር ሌላ አገር ብታወሩት ሰው «እና ምን ይሁን?» ይላል። እዚህ ቄሱ ይነዳል፣ ሥጋ ሻጩ ግማሽ በሬ ጭኖ ይነዳል፣ የሙሽራይቱ አክስት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትነዳለች። የማይነዳ ሰው ካለ ዕውር ነው ወይም ገና አልተወለደም። ዑቅባይ በልጅነቱ ጆሮውን ታሞ ሚዛን የሚባል ነገር ጠፍቶበት ቀረ። በሠላሳ ዓመቱ፣ ለተብርሃንን ሊያገባ ሲል፣ ምስግና ሦስት ወር ሙሉ ማለዳ ማለዳ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ እየወሰደ ሊያስተምረው ሞከረ፤ ሙሽራው ግን እንደ ዱቄት ጆንያ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ከመውደቅ በቀር የተማረው ነገር አልነበረም። መጨረሻ ላይ የደማ ጉልበቱን በመሐረብ አስሮ፣ በመስቀል አስምሎ «ለማንም እንዳትናገር» አለው። ምስግናም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ዑቅባይ እሑድ እሑድ ማልያውን ለብሶ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ምስግና መጠገኛ ይመጣል፤ ጎረቤት «ምነው መምህር?» ሲለው «ጎማው ተንፍሷል» ይላል። ከመጠገኛው ኋላ ካለችው ክፍል ገብቶ እስከ ቀትር የተማሪ ደብተር ያርማል። ሲወጣ ባቱ ላይ ትንሽ የሰንሰለት ግራሶ ይቀባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የሚተነፍስ ጎማ ስለሆነ ምስግና መለጠፍ የማይችል ጠጋኝ ተብሎ ደንበኛ አጥቶበታል፤ እሱንም ችሎ ኖረ። ሰውየው ከቤት ጩኸት የሚሸሽ መስሎት ነበር። ምሳ ላይ ለልጁ ምን እያወራ እንደነበር ከየት ይወቀው?

«በየእሑዱ ምሳ ላይ ነበር የሚነግረኝ» አለች ሰናይት። አርባ ሊሞላት ነው፤ አንድ ጊዜ ለሴቶች ውድድር አገሯን ወክላ ሄዳለች፣ ዛሬ ዐይኖቿ አብጠው ቲማቲም መስለዋል። «እዚህ ፍራሽ ያለበት ቦታ ጠረጴዛው ነበር። አገጩን ከሹካው አስጠግቶ፣ ክርኑን ሰብስቦ እንዴት እንደወረደ ያሳየኛል። እኔ ውድድር የገባሁት በዚያ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እርስዎ ከኋላ ሆነው ጥሩምባ ሲያሰሙለት እንደነበርም ይነግረኛል።»

«እኔ ከኋላ?»

«በመኪናው። መኪናዬን በሕይወቴ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያዋስኩት ይል ነበር።»

ምስግና አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ግን ያ ዐረፍተ ነገር ሲወጣ ሌላውን ጎትቶ ይወጣል። «እኔ ነኝ የወረድኩት» ካለ «አባትሽስ?» ይመጣል፤ «አባትሽስ» ከመጣ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው ጎማ ይመጣል። ሰናይት ዝም ማለቱን ሐዘን ነው ብላ ተረጎመችው። እጁን ያዘችና ሁለት ገጽ የተጻፈበት ወረቀት አስጨበጠችው። የሕይወት ታሪኩ ነው። በመቃብሩ ላይ የሚያነበው የልብ ጓደኛው እንዲሆን ቤተሰቡ ተስማምቷል።

ቤቱ ሄዶ ጥቁር ኮቱን ሲለብስ ሚስቱ አብረኸት ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ እየተንተከተከች ጠበቀችው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ሟቹን ለሩብ ሰዓት ያህል ወቀሰችው። «ዘጠና አራቱን ብዬ እኮ ነው ያገባሁህ!» አለችው። «ፋርማሲ ያለው ሰው ጠይቆኝ እምቢ ያልኩት በምን ምክንያት ነው? አባቴ 'ልጁ ምን አለው?' ሲሉ እናቴ 'ዘጠና አራት አለው' አላለቻቸውም? ዛሬ ትናገራለህ። ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።» ምስግና ክራባቱን ማሰር አቅቶት ሲታገል መጥታ አሰረችለት፤ ከሚገባው በላይ አጠበቀችው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ።

በመቃብሩ ዙሪያ ያልመጣ ሰው አልነበረም። የማኅበሩ ሰዎች ማልያቸውን ከኮታቸው በላይ ለብሰው፣ ብስክሌታቸውን ይዘው በሁለት ረድፍ ቆመዋል። የደብሩ ቄስ ቀሺ ተስፋልደት ጸሎቱን ጨርሰው ለምስግና ቦታ ለቀቁለት። አነበበ፤ መወለዱን፣ መማሩን፣ ማግባቱን። ወረቀቱን ገለጠ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከሦስተኛው መሥመር፣ ቁጥሩ በፊደልም በአኃዝም ተጽፎ ጠበቀው። ቆመ። ሰዉ መጀመሪያ ሐዘን ነው ብሎ አከበረለት፤ ቆይቶ ጉሮሮ መጥረግ ጀመረ።

«አያ ምስግና፣ አልሰማንም» አለ ፍጹም ቀስ ብሎ።

ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ «ዘጠና አራት የምስግና አልነበረም እንዴ? መምህር ራሱ ሲመሰክር እኮ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ጉርምርምታ ተነሳ። ሰናይት ቀና ብላ አየችው። ስትፈራ የምታየው አተያይ አባቷ መሪ ይዞ ሊወድቅ ሲል የሚያየው አተያይ ነበር። ምስግና ወረቀቱን አጠፈው።

«ብስክሌቱ ላይ የነበረው ዑቅባይ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ። መርፌዋንም ያየሁት እኔ ነኝ። ዘጠና አራት። እስከ ዛሬ ባር ውስጥ ያወራሁት ቅጥፈት ነው፤ እሱ ሰው እንዳላፍር ብሎ ይመሰክርልኝ ነበር።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነ። ሴቶቹ ባሉበት ጎን አብረኸት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትከሻዋ ይነቃነቃል፣ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ከሩቅ አይለይም። ባልዋ መኪና መንዳት ቀርቶ የመኪና በር በየት በኩል እንደሚከፈት የሚያደናግረው ሰው መሆኑን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፍጹም ዋንጫውን አስታወቀ፣ ሰዉም በሐዘን ቦታ አይጨበጨብ ነገር ሆኖበት የብስክሌቶቹን ደወል አቃጨለ። ከመቃብሩ ሲወጡ የምስግና ስም ተለውጦ ነበር። «ሹፌሩ» ይሉታል። አንዱ ደግሞ «አይ አያ ምስግና፣ ዐይንን በጨው ማጠብ ማለት የርስዎ ነው» ብሎ ትከሻውን መታው። አርባ ሦስት ዓመት የኖረበት ስም በሩብ ሰዓት ሄደ። አዎ፣ ቆጨው። ሊዋሽ አይሞክርም፣ እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የቆጨው።

ድንኳኑ ውስጥ ሻይ ቀርቦ ሰዉ ወሬ ሲጀምር ለተብርሃን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው። የነጠላዋን ጥለት ስትቆጥር ቆየች።

«ምስግና ወንድሜ» አለች በመጨረሻ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ። «ሠላሳ ዓመት የዑቅባይን ማልያ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ላብ ኖሮበት አያውቅም። አንዲት ቀን እንኳ።»

ምስግና የሻይ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«የቀለም ጠብታ ነበር የሚኖርበት፣ የደብተር ማረሚያ ቀይ ቀለም። ልጅቷ እንዳታይ ብዬ እሑድ ማታ ገና ሳይታጠብ ውኃ ውስጥ እነክረውና በረንዳ ላይ አሰጣዋለሁ። 'አየሽ አባትሽ እንዴት እንዳላበው?' እላታለሁ።» ጥለቱን ለቀቀችው። «ዛሬ ያደረግከውን አውቄዋለሁ። እሱ ሊሞት ሲል ዘጠና አራቱን የሱ አድርጎ ለልጁ እንዳወራላት ሊነግርህ ፈልጎ ነበር፤ አፈረ። አንተም እንደማውቅ ለልጄ አትንገር።»

ምስግና «አልነግራትም» አላት። ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣበት። እንዲያ ሆኖ ተቀምጦ ሳለ ፍጹም መጣ። ቀሺ ተስፋልደት እግራቸውን ያማቸዋል፣ ዳገቱን እንደምንም ወጥተዋል፣ ቁልቁለቱን ግን በእግራቸው አይወርዱም፤ ታክሲ ፈልጎ አጥቷል። «መኪናዋ ደጅ ቆማለች» አለ፤ «ሹፌሩ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብሏል።» ምስግና እምቢ ለማለት ሳይደርስ ሰናይት ቁልፉን ይዛ ከፊቱ ቆማ ነበር። በሁለት እጇ ነው የሰጠችው፣ እንደ አደራ። ለተብርሃን «ነዳጅ የላትም እኮ!» ብላ ልታድነው ሞከረች። የሰው ዐይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። አብረኸት አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች።

«ለቁልቁለት ነዳጅ ምን ያደርጋል?» አለ ምስግና፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ። «ነዳጅ በኩፖን በሚገኝበት ዘመን ቁልቁለት ላይ ሞተር ማስነሳት ነውር ነው።» ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የበሰለ ሹፌር አነጋገር ሆኖ አገኙት።

ቀሺ ተስፋልደት ከኋላ መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ፍጹም ከጎኑ ገባ። ምስግና የእጅ ፍሬኑን እንዴት እንደሚለቁ ከዑቅባይ አጠገብ ተቀምጦ ሺህ ጊዜ አይቷል። ለቀቀው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ መኪናዋ እንደተኛች ላም እያቃሰተች ተነሳች። መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ቀጥ ይላል፣ ከታች ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ወደ ቀኝ የሚታጠፍን መንገድ ምስግና ያውቀዋል፤ ዐይንህን ጎማው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ትጥላለህ። ጣለ። መኪናዋ ፈጠነች። ፍሬኑን ረገጠ፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ዘለቀ፣ የያዘው ነገር አልነበረም። እንደገና ረገጠ፤ በሦስተኛው ትንሽ ያዝ አደረገ። «አረጀች እንዴ?» አለ። «ስትገዛም እንዲህ ነበረች» አለ ፍጹም በሩን ጨብጦ፤ «መምህር ሁልጊዜ በዚህ ፍሬንዋ ይቀልድ ነበር፣ ረሱት?»

በዚያች ሰከንድ፣ ላብ ጀርባውን እያጠበው፣ ምስግና ነፋሲትን አየ። የዚያን ዕለት እሱ ከብስክሌቱ ወርዶ እየዘለለ ሲጨፍር ዑቅባይ ከመኪናው ወጥቶ እየተንገዳገደ ከሻይ ቤቱ ኋላ ሄዶ አስመለሰው። ምስግና ሳቀበት። መንገዱ ጠማማ ስለሆነ ራሱን አዙሮት ነው ብሎ ነበር። ዑቅባይ በዚህ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ይህን ፍሬን ረግጦ፣ አንድ ጎኑ ገደል በሆነ መንገድ ላይ ዐይኑን ከመንገዱ እያነሳ መርፌ ሊያይለት ነው የወረደው። ራሱ የሚጋልበው ነገር የለውም። የሚወደስበትም ነገር የለውም። ዘጠና አራቱን ሁለቱም ወርደውታል፤ የፈራው ግን አንዱ ብቻ ነበር። ምስግና ጠዋት ሙሉ ተሰረቅኩ ሲል መዋሉ አሳፈረው።

ከኋላ ቀሺ ተስፋልደት «አቤቱ ማረን» ማለት ጀመሩ። ምስግና አገጩን ከመሪው አስጠጋ፣ ክርኑን ሰበሰበ፣ መታጠፊያውን ከውጭ ገብቶ ከውስጥ ቆርጦ ወጣ። ውሻ ጮኸ፣ አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። ከመታጠፊያው በታች መንገዱ ሜዳ ሆነ፣ መኪናዋ እየደከመች ሄዳ ሰው ቤት ሊያድስበት ያፈሰሰው የአሸዋ ክምር ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች።

«ደርሰናል፣ አባ» አለ ምስግና።

ቀሺ ተስፋልደት መስቀላቸውን ስመው በሩን እየዳበሱ ወረዱ። ፍጹም ግን አልወረደም። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ የበሩን እጀታ እንደጨበጠ፣ የብስክሌት ሰው ነውና ሌላ ነገር ለመጠየቅ አልቻለም።

«ስንት ደረስን?» አለ።

ምስግና መነጽሩን አወለቀ። በኮቱ ጫፍ ወለወለው።

«እኔ እንጃ» አለ። «መርፌዋን የሚያይልኝን ሰው ቀብሬ መምጣቴ እኮ ነው።»